ለድንጋይና ለኮንክሪት የትኛው የስብራት ሞዴል? የንጽጽር መመሪያ

የድንጋይን ወይም የኮንክሪትን ስብራት በኮምፒውተር ለማስላት የተነሳ መሐንዲስ ሶፍትዌሩን ሲከፍት ረጅም የሞዴል ዝርዝር ይጠብቀዋል፤ ሞር-ኩሎምብ፣ ድራከር-ፕራገር፣ ሁክ-ብራውን፣ ጉዳትና ፕላስቲክነትን (ጭነቱ ሲነሳ የማይመለስ የቅርጽ ለውጥን) ያጣመረው የኮንክሪት ሞዴል፣ ማይክሮፕሌን፣ የተጣበቁ ቅንጣቶች ሞዴል እና ሌሎችም። በባለሙያዎች መካከል የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው ቁሱ የሚሰበርበትን ጫና የትኛው በተሻለ ይገምታል በሚለው ላይ ነው። በእኔ እምነት ግን ከዚያ መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ የምንፈልገው መልስ ቁሱ የጥንካሬው ጫፍ ላይ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ብቻ ነው ወይስ ከጫፉ አልፎ እየተዳከመ የሚሄድበትንም? ስሌቱ ከጫፉ በፊት የሚቆም ከሆነ ዋናው ነገር የጥንካሬ ወሰኑ፣ ማለትም ቁሱ በየትኞቹ የጫና ጥምሮች እንደሚሰበር የሚያሳየው ድንበር፣ ቅርጽ ነው። ከጫፉ የሚያልፍ ከሆነ ግን የወሰኑ ቅርጽ ሁለተኛ ደረጃ ይይዝና ስብራቱ በምን ያህል ስፋት ውስጥ እንደሚሰበሰብ የሚናገረው ርዝመት ውጤቱን ይቆጣጠራል። ይህን ሳይለዩ ሞዴል መምረጥ ጥሩ መልስ ለተሳሳተ ጥያቄ ማዘጋጀት ይሆናል።

አንድ ሞዴል የሚፈተንባቸው ባሕርያት

ድንጋይና ኮንክሪት የሚጋሯቸው ባሕርያት ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያሟላ ሞዴል ማግኘት ቀላል አይደለም። አንደኛው በጭመቃ ጠንካራ፣ በጉተታ ደካማ መሆናቸው ነው። የተለመደ ኮንክሪት ሲጎተት የሚችለው ሲጨመቅ ከሚችለው አንድ አሥረኛ ገደማ ሲሆን፣ በብዙ ያልተሰነጠቁ ድንጋዮች ደግሞ ልዩነቱ ከአሥር እስከ ሃያ እጥፍ ይደርሳል። ሁለተኛው ከዙሪያ የሚጫናቸው ግፊት ሲጨምር ጥንካሬያቸውም መጨመሩ ነው። በ1911 እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቮን ካርማን በእብነ በረድ ላይ ያደረጋቸው ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ በአነስተኛ የዙሪያ ግፊት በድንገት የሚሰበረው ድንጋይ ግፊቱ ከፍ ሲል ሳይሰበር ቅርጹን በብዙ የሚለውጥ ይሆናል። ሦስተኛው፣ ወደ ስብራት ሲቃረቡ ውስጣቸው በጥቃቅን ስንጥቆች ስለሚሞላ ይዘታቸው ያብጣል። ይህ እብጠት ዳይሌሽን ይባላል፤ ቁሱ እንዳያብጥ ዙሪያው በተያዘበት ቦታ ሁሉ የሚሰላውን ጥንካሬ ስለሚለውጥ እንደ ዝርዝር ጉዳይ ሊታለፍ አይገባም።

የኢላስቲክ ስሌት መቼ ይበቃል?

ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ይህን የምለው የረቀቀ ሞዴል መጠቀም የጥንቃቄ ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ ነው። የሚጠበቀው ጫና ከጥንካሬው አንድ ሦስተኛ በታች ከሆነና ጉተታ የሚፈጠርበት ቦታ በፌሮ የተያዘ ከሆነ፣ ጫናንና የቅርጽ ለውጥን ቀጥ ባለ መስመር የሚያገናኘው የኢላስቲክ ስሌት በቂ መልስ ይሰጣል። ለተራ ኮንክሪት ከ25 እስከ 35 ጊጋፓስካል የሚሆን ሞጁለስ (የቁሱ ግትርነት መለኪያ) እና 0.2 የሚጠጋ የፑዋሶን ምጣኔ (ቁሱ ሲጨመቅ ወደ ጎን የሚሰፋበት ልክ) ይዞ መጀመር ይቻላል።

ነገር ግን የስሌቱ ቀላልነት ሌላውን ሥራ አያስቀርም። ነሐሴ 1991 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ስታቫንገር አቅራቢያ በሚገኝ ፊዮርድ ውስጥ የሰመጠው ስላይፕነር ኤ የተባለ የባሕር ላይ የነዳጅ መድረክ የኮንክሪት መሠረት ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በሴሎቹ መጋጠሚያ ላይ የነበረው የፋይናይት ኤለመንት መረብ (መዋቅሩ ለስሌት የሚከፋፈልባቸው ትናንሽ ክፍሎች ወይም ኤለመንቶች) በጣም ሻካራ ስለነበር የሸር ጫናው (አንዱን ክፍል በሌላው ላይ የሚያንሸራትተው ጫና) በ47 በመቶ ዝቅ ተደርጎ ተሰላ፤ የፌሮው አሠራርም በቂ አልነበረም፤ ግድግዳውም በዚያ ቦታ ተሰበረ። ከአደጋው በኋላ በተሻለ መረብ የተደረገው ስሌት መዋቅሩ 62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር አሳየ፤ የተሰበረው 65 ሜትር ላይ ነበር። በዚያ ቦታ የጎደለው የረቀቀ የቁስ ሞዴል አልነበረም።

ሞር-ኩሎምብ፣ ድራከር-ፕራገር ወይስ ሁክ-ብራውን?

ጥያቄው ቁሱ ይሰበራል ወይስ አይሰበርም የሚል ከሆነ ምርጫው በጥንካሬ ወሰኖች መካከል ይሆናል። ከሁሉም የሚያረጀው ሞር-ኩሎምብ ነው። ሐሳቡ ኩሎምብ በ1773 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ካቀረበው ጥናት የሚጀምር ሲሆን በአንድ ገጽ ላይ መንሸራተትን የሚቋቋመው ኃይል ከሁለት ምንጮች የተገኘ ነው ይላል፤ አንዱ የቁሱ የራሱ መያያዝ ወይም ኮሄዥን፣ ሌላው ደግሞ ገጹን በሚጫነው ግፊት ልክ የሚያድገው ሰበቃ ነው። ሁለት ፓራሜትሮች ብቻ ይበቁታል፤ ሁለቱም ከተለመደ የላቦራቶሪ ሙከራ ይገኛሉ። ጥቅሙም ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። ሪቻርትና ባልደረቦቹ በ1928 ባሳተሙት ሥራ፣ ኮንክሪት ከዙሪያ ሲያዝ ጥንካሬው በዙሪያው ግፊት 4.1 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ስለዚህ 30 ሜጋፓስካል የሚችል ኮንክሪት 5 ሜጋፓስካል የዙሪያ ግፊት ሲያገኝ ወደ 50 ሜጋፓስካል ይጠጋል። በሞር-ኩሎምብ ውስጥ ይህንን ዕድገት የሚሰጠው 37 ዲግሪ ገደማ የሆነ የሰበቃ ማዕዘን ነው፤ በዚህም ረገድ ሞዴሉ በሚገባ ይሠራል። ችግሩ ግን በሞዴሉ ውስጥ ያው ቁጥር የጭመቃ ጥንካሬን ለጉተታ ጥንካሬ የማካፈል ውጤትም መሆኑ ነው። በመሆኑም ሞዴሉ ኮንክሪቱ ሲጎተት 7.3 ሜጋፓስካል ያህል ይችላል ይላል፤ እውነተኛው ቁጥር ግን 3 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። አንድ ቁጥር ሁለት ሥራ እንዲሠራ ተገድዶ አንዱን ብቻ ይሠራል። በዚህ ምክንያት ሞር-ኩሎምብ ለድንጋይም ሆነ ለኮንክሪት ሲውል የጉተታ ወሰኑ በተለየ ፓራሜትር መቆረጥ አለበት፤ ይህ ያልተደረገበት ስሌት ጉተታ ያለበት ቦታ ላይ ሁሉ አይታመንም።

በ1952 የቀረበው ድራከር-ፕራገር የሞር-ኩሎምብን ባለ ስድስት ማዕዘን ፒራሚድ በለስላሳ ኮን ይተካዋል። ማዕዘን ስለሌለው ለቁጥር ስሌት ይመቻል፤ በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ የተስፋፋበት ምክንያትም ይኸው ነው። ለአሸዋና ለለስላሳ ቁስ ሲውል ብዙ አያሳስበኝም። ለኮንክሪት ሲውል ግን የሚያመጣው ስህተት ሊገመት ከሚችለው በላይ ነው። ኮኑ በጭመቃ በኩል ከሞር-ኩሎምብ ጋር እንዲገጥም ከተደረገና የሰበቃ ማዕዘኑ 36.9 ዲግሪ ከደረሰ፣ በሁለት አቅጣጫ እኩል የሚጨመቅ ቁስ ፈጽሞ አይሰበርም የሚል ውጤት ይሰጣል። ኩፕፈር፣ ሂልስዶርፍና ሩሽ በ1969 ባሳተሙት የሙከራ ውጤት ግን በሁለት አቅጣጫ እኩል የተጨመቀ ኮንክሪት ጥንካሬው በአንድ አቅጣጫ ከተጨመቀው የሚበልጠው በ16 በመቶ ብቻ ነው። ለኮንክሪት ተስማሚ ነው ተብሎ የምንወስደው ማዕዘን 37 ዲግሪ መሆኑን ስናስታውስ፣ ሰሌዳ፣ ቅርፊት ወይም የግድብ ፊት በዚህ ሞዴል ማስላት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። ኮኑን በሁለት አቅጣጫ ከተገኘው ውጤት ጋር እንዲገጥም አድርጎ መለካት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚበላሸው ከሦስት አቅጣጫ የተያዘው ኮንክሪት ውጤት ነው። ለኮንክሪት ለስላሳ ወሰን የሚፈለግ ከሆነ ኦቶሰን በ1977 ያቀረበው ባለ አራት ፓራሜትር ወይም ዊላምና ዋርንከ ያቀረቡት ባለ አምስት ፓራሜትር ወሰን ይሻላል፤ ሁለቱም በዝቅተኛ ግፊት ሦስት ማዕዘን፣ በከፍተኛ ግፊት ደግሞ ወደ ክብ የሚጠጋ ቅርጽ ስለሚይዙ ከሙከራው ጋር ይስማማሉ።

የተሰነጠቀ ዓለት ጉዳይ ግን የተለየ ነው። ከላቦራቶሪ የመጣው ያልተሰነጠቀ የኮር ናሙና የተራራውን ጥንካሬ አይነግረንም። ሁክና ብራውን በ1980 ያቀረቡት ወሰን የተነደፈው ለዚህ ነው። ወሰኑ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን የተጠማዘዘ በመሆኑ፣ በዝቅተኛ የዙሪያ ግፊት በፍጥነት እያደገ በከፍተኛ ግፊት ቀስ ይላል፤ ይህም ከድንጋይ ሙከራዎች ጋር ይገጥማል። የዓለቱ የስንጥቅ ሁኔታ የሚገባው ጂኤስአይ (የጂኦሎጂ ጥንካሬ መለኪያ) በሚባል ከመቶ በሚሰጥ ነጥብ ሲሆን፣ በ2002 በታተመው ቅርጹ ደግሞ ፍንዳታና የጫና መላላት ያደረሱትን ጉዳት የሚወክል ከ0 እስከ 1 የሚሄድ ቁጥር ተጨምሮበታል።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በዓይን ግምት የሚሰጡ ናቸው፤ ውጤቱን የሚቀይሩት ግን በብዙ እጥፍ ነው። ናሙናው 100 ሜጋፓስካል የሚችል፣ የድንጋዩ ዓይነት ቁጥር 10 የሆነ አንድ የኖራ ድንጋይ እንውሰድ። ጂኤስአይ 50 ከተሰጠውና የፍንዳታ ጉዳት የለም ከተባለ የዓለቱ የጭመቃ ጥንካሬ 6 ሜጋፓስካል ይሆናል። ነጥቡ 45 ቢሆን 4.5፣ 55 ቢሆን 8 ሜጋፓስካል ይሆናል፤ ሁለት ልምድ ያላቸው ጂኦሎጂስቶች በአንድ ገደል ፊት ቆመው በአሥር ነጥብ መለያየታቸው ደግሞ የሚያስገርም አይደለም። ጂኤስአይው 50 እንዳለ የጉዳቱ ቁጥር ከ0 ወደ 1 ቢወሰድ ጥንካሬው ወደ 1.5 ሜጋፓስካል ይወርዳል። ሰዎች ይህንን ከፍተኛ የጉዳት ቁጥር ለጥንቃቄ ብለው ለተራራው ሁሉ ሲሰጡት አያለሁ፤ ቁጥሩ የታሰበው ግን ፍንዳታው ለነካው የፊት ክፍል ብቻ ነው። ለዋሻ ከሆነ ከግድግዳው ጥቂት ሜትሮች ውስጥ፣ ለማዕድን ገደል ከሆነም በፍንዳታው ልክ በተወሰነ ጥልቀት ውስጥ መገደብ አለበት።

ስለዚህ በእነዚህ መካከል ስመርጥ መለያዬ ይህ ነው። ዓለቱ በብዙ አቅጣጫ ተሰነጣጥቆ እንደ አንድ ቁስ ሊታይ የሚችል ከሆነ ሁክ-ብራውን፤ አፈር መሰል ወይም በአንድ ገጽ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ሞር-ኩሎምብ፤ ኮንክሪት ከሆነ ኦቶሰን ወይም ዊላም-ዋርንከ። ድራከር-ፕራገርን ለኮንክሪት የምመርጥበት ምክንያት አላገኘሁም።

ከጫፉ በኋላ፦ ርዝመት የሌለው ሞዴል

የሚፈለገው መልስ መዋቅሩ ከተሰነጠቀ በኋላ ምን ያህል እንደሚሸከም፣ ስንጥቁ የት እንደሚሄድ ወይም ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ይቆም እንደሆነ ሲሆን ጨዋታው ይለወጣል። ኮንክሪት የጉተታ ጥንካሬውን ካለፈ በኋላ በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ አይወርድም፤ ጠጠሩና ሲሚንቶው አሁንም በከፊል ተያይዘው ስንጥቁ ሲከፈት ጫናው ቀስ በቀስ ይወርዳል። ይህንን መዳከም በጫናና በስትሬን (የቅርጽ ለውጡ ከመነሻው ርዝመት ጋር ያለው ምጣኔ) ኩርባ ጽፎ ለፕሮግራሙ መስጠት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስብራቱ ሁልጊዜ በአንድ ረድፍ ኤለመንት ውስጥ ስለሚሰበሰብ፣ ኤለመንቱ በግማሽ ሲያንስ ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበትም በግማሽ ያንሳል። መረቡን እያጠበቅን ስንሄድ መዋቅሩ ያለ ምንም ጉልበት የሚሰነጠቅ ይሆናል። ይህ የፕሮግራሙ ጉድለት ሳይሆን ሞዴሉ የርዝመት መለኪያ ስለሌለው የሚመጣ ነው።

መፍትሔውን በ1976 ሂለርቦርግ፣ ሞደርና ፔተርሶን አመለከቱ፤ ቋሚ ሆኖ መያዝ ያለበት ስትሬኑ ሳይሆን አንድ ካሬ ሜትር ስንጥቅ ለመክፈት የሚወጣው ጉልበት ነው። ባዣንትና ኦህ ደግሞ በ1983 ይህንን ጉልበት ከኤለመንቱ ስፋት ጋር የሚያገናኘውን የስንጥቅ ቀበቶ ዘዴ አቀረቡ። አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ሞጁለሱ 30 ጊጋፓስካል፣ የጉተታ ጥንካሬው 3 ሜጋፓስካል፣ የስንጠቃ ጉልበቱ በካሬ ሜትር 100 ጁል የሆነ ኮንክሪት ጫናው በቀጥታ መስመር እየወረደ ዜሮ የሚደርሰው ስንጥቁ 0.067 ሚሊሜትር ሲከፈት ነው። ኤለመንቱ 100 ሚሊሜትር ከሆነ ይህ ክፍተት 0.00067 ስትሬን ይሆናል፤ 25 ሚሊሜትር ከሆነ ግን 0.0027 ነው። ለሁለቱም መረቦች አንድ ዓይነት የስትሬን ኩርባ የሰጠ ሰው ከሁለቱ ቢያንስ በአንዱ ተሳስቷል። በሌላ በኩል ኤለመንቱ ወደ 670 ሚሊሜትር ሲደርስ የመዳከሚያው መጨረሻ ጫፉ ላይ ካለው 0.0001 ስትሬን ጋር እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ትልቅ ኤለመንት በሕጉ መሠረት ሊዳከም አይችልም። ለትልቅ ግድብ የሚሠራ መረብ በቀላሉ ከዚህ ስለሚያልፍ፣ ይህንን ስሌት መረቡን ከመሥራት በፊት በወረቀት መሥራት እመክራለሁ።

ከዚህ አንጻር ሲታይ በኮንክሪት ሞዴሎች መካከል ያለው ምርጫ ቀለል ይላል። ሉብሊነርና ባልደረቦቹ በ1989 ያቀረቡት፣ ሊና ፌንቭስ በ1998 ያሻሻሉት፣ ጉዳትንና ፕላስቲክነትን ያጣመረው ሞዴል ለአብዛኛው የኮንክሪት መዋቅር የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ጥንካሬው በጉተታና በጭመቃ ለየብቻ እንዲወርድ ያደርጋል፤ ከዚህም በላይ ጭነቱ ሲገለበጥ የተከፈተው ስንጥቅ ተዘግቶ ጭመቃን እንደገና መሸከም መቻሉን ይወክላል። ይህ የመጨረሻው ባሕርይ ለመሬት መንቀጥቀጥ ስሌት ወሳኝ ነው። ታኅሣሥ 1967 እ.ኤ.አ. በሕንድ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የተሰነጠቀው 103 ሜትር ከፍታ ያለው የኮይና ግድብ እንዲህ ያሉ ሞዴሎች የሚፈተኑበት የታወቀ ጉዳይ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ስንጥቁ የታየው ከውኃው ተቃራኒ በሆነው የግድቡ ፊት በኩል ተዳፋቱ በድንገት በሚለወጥበት ከፍታ አካባቢ ነበር፤ ጥሩ ሞዴልም ስንጥቁን እዚያው ያስጀምራል።

ሞዴሉ የራሱ ወጥመዶች አሉት። የዳይሌሽን ማዕዘኑ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ መካከል በግምት ይሰጣል፤ ፌሮ ወይም ብረት ዙሪያውን የያዘው ዓምድ ላይ ግን ይህ ግምት የመሸከም አቅሙን በቀጥታ ይቀይራል። ስሌቱ አልጨርስ ሲል የሚጨመረው ሰው ሠራሽ ዝልግልግነትም እንዲሁ ነው፤ በልኩ ሲሆን ስሌቱን ያረጋጋል፤ ሲበዛ ግን ማንም ሳያስተውለው ለመዋቅሩ የሌለውን ጥንካሬ ይሰጠዋል። ዝልግልግነቱን በአሥር ቀንሶ ውጤቱ ይለወጥ እንደሆነ ሳያይ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው የራሱን ቁጥር አያውቀውም። በተጨማሪም ሞዴሉ የዙሪያ ግፊቱ በጣም ከፍተኛ ለሆነበት ሁኔታ አልተሠራም፤ ቀዳዳዎቹ እየተደፈጠጡ የሚጨመቁበትን ባሕርይ አይወክልም።

ማይክሮፕሌን ሞዴል በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ በአንድ ነጥብ ዙሪያ በብዙ አቅጣጫ የተዘረጉ ገጾችን ወስዶ በእያንዳንዱ ላይ የጫናና የስትሬን ሕግ ካስቀመጠ በኋላ ውጤታቸውን ይደምራል። የጫናው አቅጣጫ በሚሽከረከርበት ሁኔታ ከሌሎቹ የተሻለ ነው፤ ዋጋው ግን የስሌት ጊዜ እና ትርጉማቸው በቀላሉ የማይጨበጥ ፓራሜትሮች ናቸው። ጥሩ የሙከራ መረጃ ለሌለው ሰው አልመክረውም። ስንጥቁን በቀጭን የተበተነ ቀበቶ የሚወክለው የፌዝ ፊልድ ዘዴ፣ ፍራንክፎርትና ማሪጎ በ1998 ባቀረቡት የጉልበት አስተሳሰብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ስንጥቁ የሚሄድበትን መንገድ ቀድሞ መንገር ሳያስፈልግ ይፈልገዋል፤ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ይጣመራል። በአንጻሩ ከቀበቶው ስፋት በብዙ የሚያንሱ ኤለመንቶች ስለሚፈልግ፣ ለአንድ ናሙና ወይም ለአንድ መጋጠሚያ እንጂ ለሙሉ መዋቅር እምብዛም አይመችም።

ጥልቅ ዋሻና የሚላጥ ድንጋይ

በጥልቅ መሬት ውስጥ ያለ ጠንካራ ድንጋይ ከላይ የተባለውን ሁሉ የሚፈታተን ጉዳይ ነው። በካናዳ ማኒቶባ፣ 420 ሜትር ጥልቀት ላይ በነበረ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ያለ ፍንዳታ በጥንቃቄ በግራናይት ውስጥ የተቆፈረው 3.5 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ዋሻ ጣሪያና ወለሉ ላይ ተላጥቶ የቪ ቅርጽ ያለው ስርጉድ ፈጠረ። በቦታው ከፍተኛው ጫና 60፣ ዝቅተኛው 11 ሜጋፓስካል ነበር፤ በክብ ቀዳዳ ዙሪያ የሚሰበሰበው ከፍተኛ ጫና በኢላስቲክ ስሌት 169 ሜጋፓስካል ይደርሳል። የግራናይቱ ናሙና በላቦራቶሪ የሚችለው ከ200 በላይ ስለነበር በተለመደው አስተሳሰብ ዋሻው መሰበር አልነበረበትም። የተላጠው ግን ጫናው ከላቦራቶሪ ጥንካሬው ግማሽ ትንሽ በሚያልፍበት ደረጃ ላይ ነው።

ማብራሪያው የሚገኘው በስብራቱ አካሄድ ነው። ከግድግዳው ፊት የዙሪያ ግፊት ስለሌለ ጥቃቅን ስንጥቆች ከፊቱ ጋር ትይዩ ሆነው ይረዝማሉ፤ መያያዙ ቀድሞ ይጠፋል፤ ሰበቃ ግን የሚሠራው ስንጥቆቹ ተገናኝተው ገጾች መንሸራተት ሲጀምሩ ነው። ሞር-ኩሎምብም ሆነ ሁክ-ብራውን ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንደሚሠሩ አድርገው ስለሚደምሩ የስርጉዱን ቅርጽ አያገኙትም። ሐጂአብዶልማጂድ፣ ካይዘርና ማርቲን በ2002 ያቀረቡት ሞዴል ኮሄዥን ከቋሚ የቅርጽ ለውጥ ጋር እየቀነሰ፣ ሰበቃ ደግሞ እያደገ እንዲሄድ በማድረግ ስርጉዱን በጥልቀቱም በቅርጹም አስመስሎታል።

እዚህ ላይ የምወደው አማራጭ ከሁሉም ቀላሉ ነው። የሚፈለገው የሚላጠው ድንጋይ ጥልቀት ብቻ ከሆነ፣ ኢላስቲክ ስሌት ሠርቶ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ጫና መካከል ያለው ልዩነት ከናሙናው ጥንካሬ አንድ ሦስተኛ የሚበልጥበትን ክልል መሳል ነው። ማርቲን፣ ካይዘርና ማክክሪዝ በ1999 ያሳዩት ይህ ዘዴ የድጋፍ ቦልት ርዝመት ለመወሰን ይበቃል። የሚላጠው ድንጋይ ምን ያህል እንደሚያብጥና ድጋፉን በምን ኃይል እንደሚገፋ ሲፈለግ ግን አይረዳም። ለተሰነጣጠቀ ወይም ለስላሳ ዓለትም አይሆንም።

ስንጥቁ ቀድሞ ካለ

ዓለቱን ጥቂት ትልልቅ ስንጥቆች ወደ ብሎኮች ከከፋፈሉት፣ ወይም አንድ የስንጥቅ አቅጣጫ ገንኖ ከወጣ፣ ሁክ-ብራውን ያልተነደፈለት ሁኔታ ላይ ነን፤ ስብራቱ በድንጋዩ ውስጥ ሳይሆን በስንጥቁ ላይ ይሆናል። ከንዳል ከ1971 ጀምሮ ያዳበረው፣ እያንዳንዱን ብሎክ ለብቻው የሚከታተለው ስሌት እዚህ ቦታ ትክክለኛው መሣሪያ ነው፤ ብሎኮቹ ይንሸራተታሉ፤ ይሽከረከራሉ፤ ይለያያሉ። የስንጥቆቹ አቅጣጫና ርቀት በመስክ ካልተለካ ግን ሥዕሉ የፈጠራ ይሆናል።

ከንዳልና ስትራክ በ1979 ያቀረቡት የቅንጣቶች ስሌት፣ በኋላም ፖትዮንዲና ከንዳል በ2004 ያዘጋጁት የተጣበቁ ቅንጣቶች ሞዴል፣ ድንጋዩን እንደ ተጣበቁ ኳሶች ይወስደዋል። ስንጥቆች ሲወለዱና ሲገናኙ በዓይን ይታያሉ፤ ይህም በጣም ማራኪ ነው። ማራኪነቱ ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ ክብ ቅንጣቶች ያሉት ሞዴል የጭመቃ ጥንካሬው እንዲገጥም ከተደረገ የጉተታ ጥንካሬው ከእውነተኛው በጣም ከፍ ይላል፤ የሰበቃ ማዕዘኑም ዝቅ ይላል። ቅንጣቶቹን በማቧደን ወይም ጠፍጣፋ መጋጠሚያ በመስጠት ይስተካከላል፤ የጉተታ ሙከራ ውጤት በሌለበት ግን ለማስተካከል መነሻ የለም። ለጥናት እንጂ ለንድፍ የመጀመሪያ ምርጫ አላደርገውም።

ፈጣን ጭነት

ለፍንዳታና ለግጭት ሌላ ቤተሰብ ያስፈልጋል። በ1993 የቀረበው ሆልምኲስት-ጆንሰን-ኩክ ከፍተኛ ግፊትና የቀዳዳዎች መደፍጠጥ ስለሚይዝ ጥይት ኮንክሪት ሲበሳ ለማስላት ተስማሚ ነው፤ ከጀርባ የሚላጠውን ሽፋን ለማስላት ግን በጉተታ በኩል ደካማ ነው። ለፍንዳታ ያልተጋነነ ምርጫ ካራጎዝያን-ኬዝ የሚባለው ሞዴል ነው፤ ጥቂት ግብዓት ሲሰጠው ቀሪውን ራሱ ይገምታል። በሁሉም ላይ የሚሠራ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በፍጥነት የተጨመቀ ናሙና ከሚያሳየው የጥንካሬ ጭማሪ ከፊሉ የቁሱ ሳይሆን ናሙናው ወደ ጎን እንዳይሰፋ የሚይዘው የራሱ ክብደት ግትርነት ነው። ስሌቱ ያንን ራሱ ስለሚያስገባ፣ የሙከራውን ኩርባ በሙሉ ለሞዴሉ መስጠት አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል።

ከላቦራቶሪ ምን እንጠይቅ?

በእጅ ያለው አንድ የጭመቃ ጥንካሬ ብቻ ከሆነ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ የረቀቀውን ሞዴል መምረጥ ባዶ ቦታውን በነባሪ ቁጥሮች መሙላት ነው። ገንዘብ የሚጨመርበት የመጀመሪያው ሙከራ የጉተታ ጥንካሬ መሆን አለበት፤ ዲስኩን በዲያሜትሩ አቅጣጫ የሚጨምቀው የብራዚል ሙከራ ርካሽና ፈጣን ነው። ቀጥሎ ለድንጋይ ቢያንስ በሦስት የተለያዩ የዙሪያ ግፊቶች የሚደረግ ሙከራ ይመጣል፤ ግፊቶቹ በሥራው ቦታ ከሚጠበቁት ጋር መቀራረብ አለባቸው፤ ምክንያቱም በ50 ሜጋፓስካል የተለካ ቀጥ ያለ መስመር በ2 ሜጋፓስካል ላይ ያለውን ዋሻ አይነግረንም። ለኮንክሪት ስሌቱ ከጫፉ የሚያልፍ ከሆነ፣ መሐሉ ላይ ሆን ተብሎ ስንጥቅ የተደረገበት አግዳሚ በማጠፍ የሚለካው የስንጠቃ ጉልበት ከሌላ የጭመቃ ሙከራ ይልቅ ይጠቅማል።

የተመረጠው ሞዴል ወደ መዋቅሩ ከመግባቱ በፊት በአንድ ኤለመንት ላይ ይሞከር፤ በጉተታ፣ በጭመቃ፣ በሁለት አቅጣጫ ጭመቃ፣ በዙሪያ ግፊት ሥር፣ ጭነቱ ወጥቶ ሲመለስ። በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው የድራከር-ፕራገር ማለቂያ የሌለው ጥንካሬም ሆነ ያልተቆረጠው የሞር-ኩሎምብ ጉተታ በዚህ ሙከራ ወዲያውኑ ይታያል። ከዚያ በኋላ መዋቅሩ በሁለት መረብ ይሰላ፤ አንዱ ከሌላው በግማሽ የጠበበ። የጭነትና የመፈናቀል ኩርባዎቹ እስከ ጫፉ ተስማምተው ከጫፉ በኋላ ከተለያዩ፣ መስተካከል ያለበት የርዝመት መለኪያው እንጂ የጥንካሬ ወሰኑ አይደለም።